ስምንት ቀርከሃ ጭቃ

የተበላሸ እንቁላል ሲሸተኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ጓሮ ወጥቼ የዶሮዎቹን ቆጥ መበርበር ነበር። ምንም የለም። ጓዳ ገብቼ የቅቤውን ቅል ከፍቼ አሸተትኩ፤ ከአልጋ ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ በመጨረሻ ልጄን ስንዱን ጠርቼ «ምን ረስተሽ ነው ቤቱ እንዲህ የገማው?» ብዬ ተቆጣኋት። ስንዱ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ የልጅ ልጅ አይታለች፤ እኔ ግን ዛሬም ቤት ውስጥ አንድ ነገር ከሸተተ የምቆጣው እሷን ነው። «እማዬ፣ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ እኔን ተይኝ» አለችኝ።

ወጥቼ ሳይ ደጃችን ላይ አንዲት ባጃጅ ጎማዋ ተንፍሶ ዘምማ ቆማለች። ሾፌሩ ከሥሯ ተጋድሟል። አጠገቡ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የነካት ወጣት ሴት፣ ክንድ የሚያህል መስተዋት የመሰለ ቱቦ እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ሌሎች ሦስት ቱቦዎች ባጃጁ ውስጥ ተጋድመዋል። በሁሉም ውስጥ ያለው ጥቁር ጭቃ ነው።

«የዘንገና ጭቃ ነው አይደል?» አልኳት።

«እንዴት አወቁ እማማ?»

«ከጠረኑ ነዋ። ቤቴ ውስጥ ከልጆቼ ጋር ሦስት ሳምንት አድሯል።»

ጎማው እስኪሠራ ቤት አስገባናት። ስሟ ሕሊና ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ሐይቁ በድሮ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ከወለሉ ጭቃ እንደምታጠና ነገረችን። ስልኳን ወደ ጣሪያው እያነሳች «ኔትወርክ የለም እንዴ እዚህ?» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ቱቦዎቹን ግድግዳ ላይ ልታስደግፍ ስትል «ጨርቅ አንጥፊበት! እንዳይወድቅ! ልጆች እንዳይነኩት!» እላለሁ፤ ቤቱ ውስጥ ልጅ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ቱቦዎቹ ላይ በጥቁር ቀለም ቁጥር ተጽፏል። «ይሄ ቀለም በውሃ ይለቃል?» አልኳት።

«አይለቅም እማማ።»

«በአመድስ?»

«በአመድ?» አለች ግራ ገብቷት። ስንዱ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ታሪኩን ታውቀዋለች፤ ማለት የምታውቀው እኔ የነገርኳትን ያህል ነው። ከዚያ ቀን በፊት ከባሌ በቀር ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ግን ነበር፤ ደብተር አውጥቼ ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ስለሱ ነው።

ያን ጊዜ ከተማዋን እንጅባራ ከሚላት ኮሶበር የሚላት ይበዛ ነበር። እንደዛሬው የመንገዱ ግራና ቀኝ በከሰል ማዳበሪያ አልታጠረም። ዛሬ ገበሬው እርሻው ላይ ዲከረንስ እየተከለ፣ ዛፉን ከሰል እያደረገ ይሸጠዋል፤ ያን ጊዜ የሚበዛው ገብስና ድንች፣ በየሸለቆው ደግሞ ቀርከሃ ነበር። ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሳም። ሰው ሁሉ ዳባ ነው የሚለብሰው፤ ዝናብ ሲመጣ ከላዩ ጌሳውን ይደፋል፤ ከሩቅ ሲያዩት የሣር ክምር የሚራመድ ይመስላል። አውቶቡስ ከሚቆምበት ጥግ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ በስሙኒ የቀሚስ ጠርዝ ይመታል። ራዲዮኑን ከፍ አድርጎ ስለሚከፍተው፣ ዘፈን ለመስማት ብለን ያልተተረተረ ቀሚስ ይዘን የምንሄድ ሴቶች ነበርን። እሱም ያውቅብናል፤ ቀሚሱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያይና «እቴ፣ ይሄማ እስከ ሁለተኛው ዘፈን ድረስ ይፈጃል» ይለናል። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የስልክ ካርድ ነው የሚሸጠው፤ ድምፅ ማጉያው ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ የሚለው ግን አይሰማኝም።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። አራተኛ ክፍል ስደርስ ከትምህርት ቤት አውጥተው ለካሳ ዳሩኝ። የካሳ ዘመዶች አገዎች ናቸው፤ አማቴ እኔን ስታመሰግን በአማርኛ፣ ስታማኝ በአዊኛ ነበር። ሁለተኛውን ቶሎ ነው የለመድኩት። ካሳ ቀርከሃ ሠሪ ነበር፤ ወንበር፣ አልጋ፣ የእህል ማስቀመጫ፣ ምን የማይሠራው አለ። አንድ ወንበር በአንድ ብር ከስሙኒ ይሸጥ ነበር። በቀርከሃ ሠሪ ቤት የሚስት ሥራ ማሸት ነው። ትኩስ ቀርከሃ ገና እርጥበቱ ሳይወጣ ነቀዝ ይገባበታል፤ ቢጫ ዱቄት ከሥሩ ጠብ ማለት ከጀመረ ወንበሩ ዓመት አይቆይም። ስለዚህ የተቆረጠው ሁሉ ቤት በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ አመድ በውሃ በጥብጠሽ በጨርቅ እያደረግሽ ቆዳው እስኪያብለጨልጭ ድረስ ታሺዋለሽ። አማቴ መጀመሪያ ያስተማረችኝ ይህን ነው። እጄ እስኪላጥ አሽቻለሁ። ከኔ ቤት የወጣ ቀርከሃ ነቀዝ በላው ተብሎ አያውቅም፤ ይህን ማንም ይመስክር።

አቶ መርዕድ የሚባለው ሰው የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና፣ ከእንጨት ሣጥኖች፣ ከጥቅል ገመድና ከአንድ ረጅም የብረት ቧንቧ ጋር ወረደ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ነጭ ቴትሮን ሸሚዝ የለበሰ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው አሉ። እኛ ሐኪም መስሎን ሕፃናቱን ይዘን ወጣን። «እኔ የሐይቅ ተማሪ ነኝ» አለ። ሐይቅ ይታመማል እንዴ ብለን ተመለስን። ቀጥሎ ዘንገና ላይ የሚንሳፈፍ ነገር የሚሠራልኝ ማን ነው ሲል፣ ከተማው ሁሉ ጣቱን ወደ ካሳ ቀሰረ። ካሳ ደግሞ ሥራ አይመርጥም። ቀርከሃ በቀርከሃ ላይ ጠፍሮ፣ ከሥሩ ሁለት ባዶ በርሜል አስሮ መንሳፈፊያ ሠራለት። ያ ብቻ ቢሆን ምን ቸገረኝ? እየቀዘፈ አብሮት ሊወርድ ተስማማ!

ዘንገናን ያላየ ሰው አይፈርድብኝ። ክብ ጉድጓድ ነው፤ ዳሩ ላይ ቆማችሁ ስታዩት ውሃው ዝም ብሎ ያያችኋል። ወለል የለውም ይባል ነበር። አማቴ ፈረስ ከነኮርቻው ገብቶ ኮርቻው ከብዙ ቀን በኋላ ሌላ ሐይቅ፣ ጥርባ ላይ ብቅ ማለቱን ስትነግረኝ፣ ኮርቻውን የነካችው ይመስል ነበር። ካሳ ደግሞ ዋና አያውቅም።

«ብትሰጥምስ?» አልኩት።

«ቀርከሃ ይሰጥማል?»

«አንተ ቀርከሃ ነህ?»

«ካንቺ ጋር ስንት ዓመት ታሽቼ ቀርከሃ መሆን ያቅተኛል?» ብሎ ሳቀ። እሱ እንዲህ ነው፤ እኔ ስጨነቅ እሱ ይቀልዳል።

አቶ መርዕድን ራሱን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። «ጌታዬ፣ ጭቃ ፈልገው ነው ባሌን የሚወስዱብኝ? ጭቃ እዚህ ደጄ ላይ ሞልቷል፤ እኔ እጭንልዎታለሁ።» ሰውዬው አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ የቤቴን ወለል አየ። በበሩ ጥግ ዶሮ ቧጥጣ የፈነቀለችው ቦታ ነበር። «ወይዘሮ አንጓች፣ ይህን ወለል በየስንት ጊዜ ይለቀልቁታል?» አለኝ። በየበዓሉ አልኩት፤ ቅር ብሎኝ ነው፣ ያሳፈረኝ መስሎኝ። «እነሆ ይዩ፤ ይሄ የላይኛው የዘንድሮ እንቁጣጣሽ ነው። ከሥሩ ያለው የፋሲካው ነው። ይሄ ቀላ ያለው?» የሠርጌ ነው አልኩት፤ ቀይ አፈር ከዳንግላ አስመጥተን ነበር። «ሐይቁም እንዲሁ ነው። በየዓመቱ ከላዩ የሚወርደው አቧራ፣ የአበባ ብናኝ፣ የተቃጠለ ዛፍ ከሰል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይለቀለቃል። ከሥር ያለው አሮጌ ነው። ቅደም ተከተሉን ካወቅሁ ይህ አገር መቼ ጫካ እንደነበር፣ መቼ ውሃው እንደሸሸ አነባለሁ።» ስለወለሌ እንዲህ በክብር ያወራልኝ ሰው አልነበረም። ግን አልተጽናናሁም። ካሳ ዋና አያውቅም።

ሥራው እንዲህ ነው። ከዳር ገባ ብሎ ገመድ ወለል የሚነካበት ቦታ አገኙ፤ ወለል የለውም የሚባለው ውሸት ሆነና አማቴ አቶ መርዕድን ጠመደችው። ቧንቧውን ወደ ጭቃው ይሰዱታል፣ ይጎትቱታል፣ ሞልቶ ይወጣል። በማግስቱ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ከትናንቱ ጠለቅ አድርገው ይሰዱታል። ቀስ ያለ ሥራ ነው፤ በቀን አንድ ብቻ። ዝናብ ሲሆን ይቀራል፤ ጊዮርጊስ ሲሆን ካሳ አይወርድም፣ ማርያም ሲሆን አይወርድም። አቶ መርዕድ ዳር ላይ ተቀምጦ ፀጉሩን እየቧጠጠ «ዛሬ ደግሞ ማን ነው?» ይላል፤ ጦጦቹ ከኋላው ዳቦውን ይዘው ይሮጣሉ። ቧንቧው አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎች ይላካሉ የተባሉት ቀሩ። የወጣውን ጭቃ ማስቀመጫ ሲጠፋ ካሳ መላ አመጣ፤ ወፍራም ቀርከሃ ለሁለት ሰንጥቆ፣ የአንጓዎቹን መዝጊያ ከውስጥ አንስቶ፣ ጭቃው ከቧንቧው ተገፍቶ አንደኛው ስንጥቅ ላይ እንዲተኛ አደረገ። ሌላውን ስንጥቅ ክዳን አድርጎ ያስረዋል። ሁልጊዜ የቀርከሃው ሥር ያለበትን ጫፍ ወደታች ያደርጋል፤ ስለዚህ የጭቃው ላይና ታች አይጠፋም። አቶ መርዕድ ሲረጥብ ሐምራዊ በሚሆን ኮፒያ እርሳስ ቁጥሩን ይጽፍበታል። ከዚያ ሁሉም የት ይቀመጣል? እኔ ቤት! ልጆቼ የሚተኙበት ግድግዳ ሥር! ያ ጠረን ከሽሮው፣ ከልብሱ፣ ከሕፃኑ ፀጉር አልወጣ አለ። የልጆቹን መኝታ ወደ ምድጃው አዛወርኩ፤ ምድጃው አጠገብ ደግሞ እንዳይቃጠሉብኝ ስጨነቅ ነጋ።

ማሰሪያውስ? ካሳ እጁ የገባውን ነው የሚያስርበት። የመጀመሪያውን ቀርከሃ በኔ ጥለት ባለው መቀነት አሰረው። ሁለተኛውን በአህያው መጫኛ። ሦስተኛውን የስንዱን አሮጌ ቀሚስ ተርትሮ። አራተኛውን በሕፃኑ አንቀልባ ጠፍር አስሮት መጣ። ልጅ ላዝል አንቀልባዬን ሳነሳ ጠፍር የለውም! ያን ቀን በቃኝ። ቤት ውስጥ ያለውን ገመድ፣ ክር፣ ጠፍር ሁሉ ለቅሜ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩ፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። «እንግዲህ በጺምህ እሰረው» አልኩት። ካሳ ግን ከአንድ ዛፍ ሁለት ልጥ ልጦ መጣ፤ አምስተኛውና ስድስተኛው በዚያ ታሰሩ። ልጡ ሲደርቅ ላላባቸውና ሰባተኛውን በካሳ የወገብ ጠፍር፣ ስምንተኛውን በአቶ መርዕድ የጫማ ማሰሪያ አሰሩት። ያ የሚያብለጨልጭ ጫማ ኮሶበር ገበያ ውስጥ አፉን ከፍቶ ሲንጓፈፍ ሰው ሁሉ ሳቀ።

በየቀኑ የሐይቁ መንገድ ላይ ወጥቼ እጠብቃቸው ነበር። ሁለት ሰው ሲመለስ ሳይ ነው ውሃ የምጠጣው። ቀርከሃውንም ከትከሻቸው ተቀብዬ የማስቀምጠው እኔ ነኝ፤ የትኛው የትኛው ቀን እንደመጣ አውቃለሁ። አምስተኛውና ስድስተኛው የመጡ ቀን ግን አልወጣሁም። ስንዱን ኩፍኝ ያዛት። ሁለት ቀን ሙሉ ከጎኗ አልተነሳሁም፤ ዓይኗ እንዳይጠፋ፣ ሽፍታው ወደ ውስጥ እንዳይመለስ፣ እንዳይበርዳት፣ እንዳይሞቃት። ካሳ ገብቶ ምን እንዳስቀመጠ፣ የት እንዳስቀመጠ አላየሁም። እሱም ዓይኑ ልጅቱ ላይ ነበር።

ስንዱ ዳነች። ስምንተኛው ወጣና ሥራው አለቀ። አቶ መርዕድ መኪና ለማስጠራት ዳንግላ ሄደ፤ ካሳም አዘና ላይ የታዘዘ አልጋ ሊያደርስ ወጣ። እኔ ቤቱን ስጠርግ ከቀርከሃዎቹ ሥር ቢጫ ዱቄት አየሁ። ነቀዝ! የሰውየው የሦስት ሳምንት ልፋት፣ ባሌን ውሃ ላይ ያንሳፈፈበት ሥራ፣ አዲስ አበባ ሳይደርስ ሊበላ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ምን አገባኝ ትላለች። እኔ አመድ በጠበጥኩ። አንድ በአንድ ማሰሪያውን ፈትቼ፣ ክዳኑ እንዳይነቃነቅ በጉልበቴ ይዤ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸሁት፤ ማሰሪያውን መልሼ እዚያው አሰርኩት። ጭቃው ጠብ አላለም። ስጨርስ ስምንቱ ቀርከሃ እንደ ቅቤ ያብለጨልጫል። ፀሐይ እንዳይመታው ጓዳ ውስጥ ደረደርኩት። ደስ ብሎኝ ሰውየውን ጠበቅሁት።

መጣ። አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየ።

«ቁጥሩስ?» አለ።

«የምን ቁጥር?»

«የጻፍኩት ቁጥር። ወይዘሮ አንጓች፣ የጻፍኩት የት አለ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እጄ ላይ ሐምራዊ ነገር ነክቶኝ ነበር፤ የቀርከሃው ወዝ መስሎኝ ነው። «ነቀዝ ገብቶበት ነበር...» አልኩ። ሰውዬው ዱካው ላይ ቁጭ አለ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ቅደም ተከተሉ ከጠፋ ይህ ሁሉ ተራ ጭቃ ነው» አለ በቀስታ። «ከፍቼ እንዳላይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። መኪናው ውጭ እየጠበቀ ነው።»

ካሳ ከአዘና ተመልሶ እንደገባ ነገሩን ሰማና ራሱን ያዘ። «አቶ መርዕድ፣ እርስዎ አያስታውሱትም?» አለ። «እኔ የማየው ቁጥሩን ነው እንጂ ማሰሪያውን መች አየሁ?» ሲል፣ እኔ በዚያ ሁሉ ሐፍረቴ ውስጥ ንዴቴ መጣ።

«እርስዎ ባያዩት እኔ አይቻለሁ!» አልኩ። «ይሄ መቀነቴ ነው። መጀመሪያ የወረዳችሁ ቀን ወስዳችሁት፣ ለክርስትና ስጠራ በሲባጎ ታጥቄ ሄድኩ። አንድ ብለው ይጻፉ። ይሄ መጫኛው ነው፤ በማግስቱ አህያው ያለ መጫኛ ገበያ ሄዶ ድንቹ መንገድ ላይ ተዘራ። ሁለት። ይሄ የስንዱ ቀሚስ፣ ከጊዮርጊስ ቀጥሎ ባለው ቀን። ይሄ የአንቀልባዬ ጠፍር፤ ይህንንማ ስሞትም አልረሳውም!»

አቶ መርዕድ እርሳሱን እያረጠበ ይጽፋል። ፊቱ ላይ ደም መመለስ ጀመረ። ሰባትና ስምንት አላስቸገሩም፤ የካሳ ሱሪ ስንት ቀን በእጅ እንደተያዘና የማን ጫማ እንደተንጓፈፈ ኮሶበር ሁሉ ያውቃል። ሁለቱ ልጦች ቀሩ። ከአንድ ዛፍ የተላጡ፣ አንድ ዓይነት ርዝመት፣ አንድ ዓይነት መልክ። ካሳን አየሁት፤ ትከሻውን ነቀነቀ። ሰውየው ደግሞ እኔን ነው የሚያየው። «እነዚህ ሁለቱስ ወይዘሮ አንጓች? መሀል ያሉት እነሱ ናቸው፤ ቢገለባበጡ ታሪኩ ሁሉ ይገለበጣል።»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ግን ስድስቱን እንዲያ በኩራት ስጠራ ቆይቼ፣ ያን የተስፋ ፊት እያየሁ፣ ሾፌሩ ውጭ ጡሩንባውን እየነፋ፣ «አላውቅም» የሚለው ቃል አልወጣልኝም። አንዱን አነሳሁ። «ይሄ ይቀድማል» አልኩ። አምስት ብሎ ጻፈበት። እኔም ውሸቴ እንዳይጠፋኝ ይሆን አላውቅም፣ የዚያን ልጥ ጫፍ በምራቄ አርጥቤ እንደገና ደረብኩና ሁለት ቋጠሮ አደረግሁበት። ሌላኛው በአንድ ቋጠሮ ቀረ።

መኪናው ሲነሳ ሐፍረቴን በቁጣ ሸፈንኩት። «መቀነቴንም፣ የአንቀልባዬንም ጠፍር፣ የወሰዳችሁትን ሁሉ መልሰው ይላኩልኝ!» ብዬ ጮህኩ። አቶ መርዕድ ከጋቢናው ብቅ ብሎ «እልካለሁ፤ ቃሌ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ በዓይኔ አላየሁትም።

ከወራት በኋላ የአውቶቡስ ረዳት አንድ ጥቅል አመጣልን። ዳር በኩል ቀደድ አድርጌ አየሁ፤ የመቀነቴ ጥለት ብቅ አለ። ደብዳቤ ፈለግሁ፣ የለም። ሌላውን ሳልፈታ መልሼ ጠቀለልኩት። ካሳ «ክፈችው እንጂ» ቢለኝ እምቢ አልኩ። ቢጽፍ ኖሮ የሚጽፈው ስድብ ነው፤ አለመጻፉ ደግሞ ከስድብም የከፋ ነው፤ «እነሆ ገመድሽ፣ ሥራዬን ግን አጠፋሽው» ማለቱ ነው። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ከሣጥኑ ታች ከተትኩት። ድርቅ ሲመጣ፣ በራዲዮ ስለ ደን መመናመን ሲወራ፣ ያ ሰው በኔ ውሸት የተገለበጠ ታሪክ ለመንግሥት ነግሮ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ካሳ ቢስቅብኝም ሐሳቡ አልተወኝም። ካሳ ሞተ፤ ሐሳቡ አልሞተም።

ይህን ሁሉ ለሕሊና ነገርኳት። ስንዱ የኩፍኟን ነገር እንጂ የልጡን አልሰማችም ነበርና «እማዬ!» አለች። ሕሊና ግን ፊቷ አልተለወጠም። ከቱቦዎቿ ሁለቱን አንስታ ጫፍና ጫፋቸውን ገጠመች። «ይዩ እማማ። ይሄኛው ከታች ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ ከሰል ነው። ወደ ላይ ሲሄድ ነጣ ያለ ይሆናል፤ ይሄ ውሃው የሸሸበት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ጫካው መጀመሪያ ተቃጥሎ ውሃው ከዚያ ሸሽቶ ከሆነ አንድ ታሪክ ነው፤ ድርቁ ቀድሞ ከሆነ ሌላ ነው።»

«የትኛው ነው ታዲያ?»

«አሁን አልናገርም፤ ላቦራቶሪ ገብቶ ገና ይታያል።»

«እሱም እንደዚሁ ነበር የሚለው!» አልኩ።

ሳቀች። «ግን እሳቸው አልተሳሳቱም እማማ። ቀርከሃው አዲስ አበባ ደርሶ ሲከፈት፣ የአንዱ ጭቃ ታች ከሌላው ላይ ጋር እንደተሰበረ ገል ይገጥማል። መስመሩ ይቀጥላል። እርስዎ ቢያምታቱባቸውም ለማስተካከል አንድ ቀን አይፈጅባቸውም።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አስጨነቀኝ?»

«እርጥብ ሳለ መክፈት ፈርተው ነዋ።»

ስንዱ ድንገት ተነሳች። «እማዬ፣ ሣጥኑ ታች ያለው ጥቅል... ከፍተሽው አታውቂም?» መልሴን ሳትጠብቅ ጓዳ ገባች። አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ውስጡ እንደጠበቅሁት የተዝረከረከ ገመድ አልነበረም። አንዱ ካንዱ ጫፍ ለጫፍ ታስሮ እንደ ሰንሰለት የተጠቀለለ ነው። ሕሊና ቀስ ብላ ዘረጋችው። መቀነቴ። መጫኛው። የስንዱ ቀሚስ ቁራጭ፤ ስንዱ ነካ አድርጋ ተወችው። የአንቀልባው ጠፍር። ከዚያ ልጥ፤ ከዚያ ሌላ ልጥ፤ የካሳ የወገብ ጠፍር፤ መጨረሻ ላይ የሰውየው የራሱ የጫማ ማሰሪያ። የጫማ ማሰሪያውን ማንም አልጠየቀውም። የራሱን ለምን ይልካል? ተራው እንዳይጎድል ነዋ።

ልጦቹን በቢላ ቆርጦ ስለፈታቸው እኔ የቋጠርኳቸው ቋጠሮዎች እንዳሉ ነበሩ። መነጽሬን አስመጣሁ። ከአንቀልባው ጠፍር ቀጥሎ ያለው አንድ ቋጠሮ ነው ያለው። ሁለት ቋጠሮ ያለው እሱን ተከትሎ ነው የታሰረው።

«ተሳስቼ ነበር» አልኩ።

«ተሳስተው ነበር» አለች ሕሊና። «እሳቸውም አርመውታል።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ብሎኛልም። ግን መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው። እኔ እኮ ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ አራት ዓመት ተምሬያለሁ! «ተሳስተሻል፣ ነገር ግን አልተበላሸም» ብሎ ሁለት መስመር ቢጽፍ እጁ ይሰበር ነበር? በገመድ ደብዳቤ ይጻፋል? ከዚያ ደግሞ ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ፤ አንዴ ዘርግቼው ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ዘመን ባልተጨነቅሁ። ካሳ ክፈችው ብሎኝ ነበር። ሲስቅብኝም ልክ ነበር፤ ይህን በመጻፌ እዚያ ሆኖ እንደሚስቅ አውቃለሁ።

ውጭ ባጃጁ ተነሳች። ሕሊና ሰንሰለቱን በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሁለቱን ልጦች ደግሞ ለብቻ። እኔ መቀነቴን ከመጫኛው ላይ መፍታት ስጀምር ጮኸች፤ «እማማ፣ አይፍቱት! ተራው ይበላሻል!»

«ጫፍ ላይ ያለ ነው» አልኳት። «ጫፍ ላይ ያለ ቢፈታ የሚበላሽ ተራ የለም። ይህን ያህልማ ተምሬያለሁ።»

ፈታሁትና ወገቤ ላይ አሰርኩት። ሁለት ዙር ይዞረኝ የነበረው ዛሬ ሦስት ዞረ። ስንዱ አፍንጫዋን ያዘች። «እማዬ፣ ዛሬም ይሸታል!»

«ይሽተት» አልኩ።